የአድዋ ዘማች ትጥቅ

በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ በጎፈር፣ በለምድና በጋሻ ይደምቃል። ወጣቶች የአባቶቻቸውን ልብስ ለብሰው ሲፎክሩና ሲሸልሉ ማየት ልብ ይሞላል። ታዲያ በዚያው መካከል የክላሽ ጥይት የተሰካበት ዝናር የታጠቀ፣ ቤልጅግ ያነገተም አይጠፋም። ቤልጅግ አገራችን የገባው ከድሉ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ክላሽማ በ1888 ዓ.ም. ገና አልተፈለሰፈም። አድዋን በአካል ለማሳየት የተነሣ ሰው ለአድዋ ሰዎች ታማኝ መሆን አለበት።

ከሁሉ በፊት ማንን ሆኜ ልውጣ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የአንበሳ ጎፈር፣ የነብር ለምድ፣ በከፋይ ተለብጦ በብር ያጌጠ ጋሻ የመኳንንቱና ጀግንነታቸው የተመሰከረላቸው ሰዎች ማዕረግ ነበር። ከየአገሩ የተመመው አብዛኛው ዘማች ግን ኩታ ያጣፋ፣ ባዶ እግሩን የሚጓዝ ባላገር ነው። አደባባዩ በራሶች ብቻ ሲሞላ ጦርነቱን የተሸከመው ሰው ይረሳል። የዱር አራዊት ቆዳ ፍለጋ መሄድም አያስፈልግም፤ የበግ ለምድ ራሱ የዘማች ልብስ ነው።

ጠመንጃው ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዘመኑ ዋና መሣሪያ የ1874 እ.ኤ.አ. ሥሪት የሆነው የፈረንሳይ ውጅግራ ነው። ካዝና የለውም። ተኳሹ መቀርቀሪያውን ከፍቶ አንዲት ጥይት ያስገባል፣ ዘግቶ ይተኩሳል፣ ቀለሁን አውጥቶ እንደገና ያጎርሳል። ስለዚህ ከቃታው ፊት ለፊት ካዝና የተንጠለጠለበት ጠመንጃ ውጅግራ ሊሆን አይችልም። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር፣ ወፍራም የነሐስ ቀለህ ያለው ስለሆነ የዝናሩም ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ ቀጫጭን ጥይት የደረደረ ዝናር ከሩቅ ያስታውቃል። ከውጅግራ ሌላ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ጦር የተማረከው ረሚንግተን ነበር። ኢጣሊያ ከምኒልክ ጋር ሳትጣላ በፊት የሰጠችው ቬተርሊም አለ፤ የኢጣሊያ ወታደሮችም በአድዋ የያዙት ቬተርሊ ስለነበር አንዱ ጠመንጃ በሁለቱም ወገን ተኩሷል። ለትርኢት ከእንጨትና ከብረት የተሠራ አምሳያ ይበቃል።

ጎራዴና ሾተል በቀኝ ጎን ይታጠቃሉ። ግራ ክንድ ጋሻ ስለሚይዝ ሰገባው በግራ ከሆነ ጋሻውን ያሰናክላል። ጋሻው ክብ፣ መሐሉ ወደ ውጭ የጎበጠ፣ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ነው። በቆርቆሮ የተቀረጸ ጋሻ ሲያብረቀርቅ ቢያምርም ቆዳውን አይተካም።

ብዙ ጊዜ የሚቀረው ስንቁ ነው። በሶ የተቋጠረበት ስልቻ፣ ቋንጣ፣ የውኃ ቅል፣ የተጫነች አህያ፣ ከጦሩ ጋር የዘመቱት ሴቶች የተሸከሙት እንስራ፤ ያለ እነዚህ ሠራዊቱ አድዋ ባልደረሰም ነበር። ለእኔ ከአሥር ጎፈር ለባሽ ይልቅ እንስራ ያዘለች አንዲት ሴት የዘመቻውን እውነት ታሳያለች።

ናሙና ለሚፈልግ፣ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ፤ ፒያሳ የሚገኘውን የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ መዘክርና በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የአድዋ ድል መታሰቢያም ማየት ይቻላል። የአድዋ ሥዕሎች ውብ ናቸው፤ ሆኖም ሠዓሊዎቹ የሥዕል ወጋቸውን ስለተከተሉ የመሣሪያውን ቅርጽ ከዕቃው ወይም ከፎቶግራፍ ማረጋገጥ ይሻላል።

በቤትዎ የአያት ጋሻ፣ ዝናር ወይም ጎራዴ ካለ አደራዎን ቀለም አይቀቡት፣ ቫርኒሽም አያስነኩት። ከየትኛው ዘመቻ እንደመጣ የሚያውቅ አዛውንት በሕይወት ሳለ ይጠይቁና ይጻፉት።