ለሌሊት ሩጫ የሚሆን መብራት

የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ቀኑና ሌሊቱ ሊተካከሉ ይቃረባሉ። ፀሐይ ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፤ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ከዚያ በኋላ ያለው ድንግዝግዝ ከ20 ደቂቃ ብዙም አይዘልቅም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 550 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ቆላ ስለሆነች፣ በቀትር መሮጥ ከማድከሙም በላይ ለጤና አስጊ ነው። ስለሆነም ሯጭ የሚመርጠው ሰዓት ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ብቻን መውጣት ለደኅንነት ስለማያስተማምን ከጓደኞች ጋር መሮጥ ይሻላል። በከተማዋ ምዕራብ ወደሚገኘው ጀበል ኩጁር ወደተባለው ድንጋያማ ኮረብታ እንደሚወስዱት ባሉ የእግር መንገዶች ላይ ግን ብርሃኑን ሯጩ ራሱ መያዝ ይኖርበታል።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮማ ማራቶንን ሲያሸንፍ ውድድሩ ያለቀው ከጨለመ በኋላ ነበር። በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩለት ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል ለሁሉም አይገጥምም።

ብዙ ሰው ባትሪ ሲገዛ ባለሱቁን የሚጠይቀው፣ «ይበልጥ የሚያበራው የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ጎደሎ ነው። የብርሃን መጠን በሉመን ይለካል፤ ነገር ግን በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ቁጥር በተለመደው የአለካክ ደንብ መሠረት መብራቱ እንደበራ፣ ገና ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው የተለካ ነው። የቆይታው ጊዜም የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ ድረስ ነው። ስለዚህ «10 ሰዓት» የሚል ጽሑፍ 10 ሰዓት ሙሉ በእኩል ድምቀት ያበራል ማለት አይደለም። በተጨማሪም ብርሃን እየራቀ በሄደ መጠን ስለሚሳሳ፣ እጥፍ ርቀት ለማሳየት አራት እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል። ባለ 400 ሉመን ባትሪ ከባለ 200 ሉመን ይልቅ የሚያሳየው በእጥፍ ርቆ ሳይሆን በአንድ ተኩል እጥፍ እንኳ በማይሞላ ርቀት ነው።

በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በአንድ ሴኮንድ 3 ሜትር ያህል ይጓዛል። እንቅፋቱን አይቶ እግሩን እስኪያዞር ሁለት ሴኮንድ ቢፈጅበት 6 ሜትር አልፏል። እንግዲህ ፊት ለፊቱ ከ10 እስከ 15 ሜትር አጥርቶ ካየ ይበቃዋል፤ ለዚህም መካከለኛ ብርሃን በቂ ነው።

ከብርሃኑ ብዛት ይልቅ ትልቁ ጉዳይ ብርሃኑ የሚመነጭበት ከፍታ ነው። ይህን በቤታችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። በጨለማ ክፍል ወለል ላይ አንድ ድንጋይ አስቀምጡ፤ ባትሪውን በግንባራችሁ ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱ። የድንጋዩ ጥላ ከድንጋዩ በስተጀርባ ስለሚደበቅ ወለሉ ሜዳ መስሎ ይታያል። ባትሪውን ወደ ወገባችሁ ዝቅ ስታደርጉት ጥላው ይረዝማል፤ ድንጋዩም ጎልቶ ይወጣል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ይህን የተረዳው በእንጦጦ ጫካ ውስጥ ገና ሳይነጋ ሲሮጥ፣ በግንባሩ ላይ ደማቅ ባትሪ ታስሮ ሳለ ጉልበቱ ከተላጠ በኋላ ነው።

በቆላ አገር ነገሩ ከጉልበት መላጥ ያልፋል። በደቡብ ሱዳን የምትገኘው እፉኝት በሌሊት በመንገድ ላይ ሳትንቀሳቀስ የመተኛት ልማድ አላት፤ ቀለሟም ከአፈርና ከደረቅ ቅጠል ጋር ይመሳሰላል። እንዲህ ያለውን ፍጥረት ከመሬቱ የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ጥላው ነው። የመርዙ ማርከሻ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ አለመረገጧ ለሯጩ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በግንባር የሚታሰር ባትሪ የራሱ ጥቅም አለው፤ እጅን ነጻ ያደርጋል፤ ፊት ወደዞረበትም ይዞራል። ሆኖም በበጋ አቧራው ሲነሣ ብርሃኑ በአቧራው ላይ ተመልሶ ዓይንን ያጭበረብራል፤ በክረምት ደግሞ ነፍሳት ፊት ላይ ይሰበሰባሉ። በወገብ የሚታጠቀው ከእነዚህ ችግሮች አብዛኛውን ያስቀራል፤ በመታጠፊያ ላይ ግን ዓይንን አይከተልም። አቅም ለፈቀደለት ሁለቱን አጣምሮ መያዝ የተሻለ ነው። አንድ ብቻ ለሚገዛ ግን የወገቡን ወይም በእጅ ዝቅ ተደርጎ የሚያዘውን እንመርጥለታለን።

የኃይል ምንጩም ከቦታው ጋር መስማማት አለበት። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ወይም ቤቱ በጀነሬተርና በፀሐይ ኃይል በሚተዳደርበት ሰፈር፣ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሞላ መብራት በሚፈለግበት ሌሊት ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በኤሌክትሪክም በባትሪ ድንጋይም የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል። የሚሞላውን ዓይነት በሞቀ መኪና ውስጥ ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መተው ዕድሜውን ያሳጥረዋል። የጁባ ዝናብ በአብዛኛው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ፣ በማሸጊያው ላይ «አይ ፒ ኤክስ 4» ወይም ከዚያ የሚበልጥ ምልክት መኖሩን ማየት ያስፈልጋል፤ ይህም ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ እንደማይጎዳው ያመለክታል።

መጠባበቂያ ባትሪ ድንጋይ በኪስ መያዝ ብቻውን በቂ አይደለም። ድንጋዩ የሚለወጠው ብርሃኑ በጠፋበት ጊዜ ስለሆነ፣ ክዳኑን ከፍቶ አዲሱን በትክክለኛው አቅጣጫ ማስገባትን አስቀድሞ በቤት ውስጥ ዓይንን ጨፍኖ ደጋግሞ መለማመድ ይገባል።