ስለ ታመመች የውሃ እንቁራሪት አጠባበቅ

ከባሕር ማዶ በሚመጡ የሥነ ሕይወት መጻሕፍት ኒውት የሚባል እንስሳ ደጋግሞ ይጠቀሳል። መልኩ እንሽላሊትን ይመስላል፤ ቆዳው ግን ቅርፊት የሌለውና እርጥብ ስለ ሆነ ዝምድናው ከእንቁራሪት ነው። ይህ እንስሳ ከሰሐራ በስተደቡብ አይገኝም። ስለዚህ በሐይቅ ከተማ አጠገብ ልጆች በጣሳ ውሃ የሚያኖሩት እንቁራሪትን ነው። በአኗኗር ለኒውት የምትቀርበው በደጋችን የምትገኘው ባለጥፍሯ ዜኖፐስ ክሊቪ ናት፤ ዕድሜዋን በአብዛኛው በውሃ ውስጥ ታሳልፋለችና።

እንቁራሪት ውሃ በአፏ አትጠጣም፤ በቆዳዋ ትመጣለች እንጂ። አየርም ከሳንባዋ ሌላ በቆዳዋ ይገባል። እንግዲህ በውሃው የተጨመረ ሁሉ ወደ ደሟ ይደርሳል ማለት ነው። ላምባ የነበረበት ጣሳ፣ ሳሙና የነካው እጅ፣ ለሰው ቁስል የተሠራ ቅባት፣ እነዚህ ሁሉ ይጎዷታል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት በሰፊ ዕቃ ተከፍቶ ይደር። የተጎዳችው ከሌሎቹ ትለይ፤ ስትቀመጥ አፍንጫዋ ከላይ እንዲወጣም ውሃዋ ይቀነስ። ቁስሏን ለማጠብ በ1 ሊትር ውሃ 6 ግራም ንጹሕ ጨው ይበቃል፤ ይህ መጠን ከራሷ የሰውነት ፈሳሽ ጋር ይቀራረባል።

የኒውት መጽሐፍ ለእንቁራሪት የማያገለግልበት አንድ ነገር አለ። ኢጣሊያዊው ቄስ ላዛሮ ስፓላንዛኒ በ1768 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጸው የሳላማንደር ወገን የተቆረጠ እግሩን መልሶ ያበቅላል። ያደገች ዜኖፐስ ግን በእግሯ ምትክ የምታወጣው እንደ እሾክ የሾለ ለስላሳ አጥንት ብቻ ነው።

ከቁስል ይልቅ የሚያሰጋው በ1999 እ.ኤ.አ. ስም የተሰጠው፣ ባትራኮኪትሪየም ዴንድሮባቲዲስ የተባለው ፈንገስ ነው። በባሌ ተራሮችም ተገኝቷል። በቆዳ ላይ አድጎ የጨው ዝውውርን ያውካል፤ በደም ውስጥ ሶዲየምና ፖታሲየም ሲያንስ ልብ ይቆማል። የታመመችው ትፈዛለች፣ ቆዳዋ ያለ ልክ ይላጣል፣ በጀርባዋ ስትገለበጥ መነሣት ያቅታታል። የእንስሳት ሐኪም ከተገኘ በኢትራኮናዞል እጥበት ሊያክማት ይችላል።

ልጆች እንዲህ ያለችውን አዝነው ወደ ሐይቁ ይመልሷታል። ርኅራኄያቸውን እናከብራለን፤ ነገር ግን ዜኖፐስ ራሷ ሳትታመም ፈንገሱን ልትሸከም ስለምትችል፣ በጣሳ ከሌሎች ጋር የቆየች ሁሉ፣ ጤነኛ የምትመስለውም ጭምር፣ ባትመለስ ይሻላል እንላለን። የጣሳውም ውሃ ከሐይቁ ርቆ በደረቅ መሬት ይደፋ፤ ጣሳው በፀሐይ ፈጽሞ ይድረቅ፤ ፈንገሱ ድርቀትን አይችልምና።