ያውቁ ኖሯል? ከወልድያ መርሳ የማይሞላ ኮከብ አለ

ከፀሐያችን 1.4 እጥፍ ያህል የሚከብድ አንድ ሙሉ ኮከብ ከወልድያ እስከ መርሳ ባለው መንገድ ርዝመት ውስጥ ይገባል። ስሙ ኒውትሮን ኮከብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከእሱ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢጨለፍ ከቢሊዮን ቶን በላይ ይመዝናል። እንዲህ ያለውን ኮከብ መጀመሪያ ያገኘችው ጆስሊን ቤል ናት፤ በ1967 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ገና ተማሪ ሳለች፣ በየ1.3 ሰከንዱ የሚመታ የሬዲዮ ምልክት ከሰማይ ደረሳት።

ሌላው ጥቅጥቅ ኮከብ ለእርስዎ ይቀርባል። በየካቲት ምሽት ወልድያ ላይ ሆነው ከአናትዎ ትንሽ ወደ ደቡብ ቢመለከቱ፣ ከከዋክብት ሁሉ ደምቆ የሚታየው ሲሪየስ ነው። አጠገቡ፣ ያለ ቴሌስኮፕ የማይታይ ጓደኛ አለው፤ በ1862 እ.ኤ.አ. የታየ ነጭ ድንክ ኮከብ። ክብደቱ ፀሐይን ያህላል፤ ስፋቱ ግን ከምድራችን እንኳ በመጠኑ ያንሳል።

የኒውትሮን ኮከብ የተሠራባቸው ኒውትሮን የተባሉት ቅንጣቶች ራሳቸው ተጨፍልቀው ኳርክ ወደሚባሉት ቅንጣቶች የሚፈርሱበት «ኳርክ ኮከብ»ም በስሌት ታስቧል። እስካሁን ግን መኖሩ የተረጋገጠ አንድም የለም።