የቦምብ መሞከሪያውን ያዘጉ ካዛኮች



የኑክሌር መሣሪያ ይወገድ ብለው ስለሚሟገቱ ማኅበራት ሲወራ «የኃያላኑን ቦምብ ሰልፍና ፊርማ ምን ያደርገዋል?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ዛሬ በሙስሊም ወንድሞቻችን አገር በካዛክስታን የተነሳ አንድ ንቅናቄ ምን እንደሠራ እናያለን (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያውን አቶሚክ ቦምቧን ኦገስት 29 ቀን 1949 የሞከረችው በሰሚፓላቲንስክ ከተማ አቅራቢያ ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። እስከ 1989 ድረስ በዚሁ ሥፍራ 456 ሙከራዎች ተካሄዱ፤ 116ቱ ከመሬት በላይ ነበሩ። በዙሪያው በግና ፈረስ የሚያረቡ ካዛኮች ይኖራሉ። ነፋሱም የተመረዘውን ብናኝ ወደ መንደሮቻቸው ይወስደው ነበር።

በ1957 በከተማዋ አንድ የሕክምና ጣቢያ ተከፈተ። ለስሙ የብሩሴሎሲስ፣ ማለትም ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ መከላከያ ተባለ። እውነተኛ ሥራው ግን ጨረሩ ሕዝቡን ምን እንዳደረገው በምሥጢር መመዝገብ ነበር። በሽተኛው ይመረመራል፤ ምን እንዳገኘው ግን አይነገረውም። ለእኛ ከፍንዳታው ይልቅ ይህ ይከብደናል።

በፌብሩዋሪ 1989 ከመሬት በታች ከተደረገ ሙከራ መርዘኛ ጋዝ አፈትልኮ ወጣ። የደራስያን ማኅበሩ መሪ፣ ገጣሚው ኦልዣስ ሱሌይሜኖቭ በቴሌቪዥን ቀጥታ ሥርጭት ግጥም ያነባል ተብሎ ሲጠበቅ ግጥሙን ትቶ የሆነውን ነገር ተናገረ፤ ሕዝቡንም ለስብሰባ ጠራ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በአልማ አታ ሺዎች ተሰበሰቡ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመ፤ የካራጋንዳ የከሰል ማዕድን ሠራተኞችም ከጎናቸው ቆሙ። በዚያ ዓመት ከታቀዱት 18 ሙከራዎች 11ዱ ቀሩ። ኦክቶበር 19 የተደረገው የመጨረሻው ሆነ። የጎርባቾቭ ዘመን አፍን ባይከፍት ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር፤ ይህንን መካድ አይገባም። ነገር ግን የተከፈተውን በር ገፍቶ የገባው ሕዝቡ ነው።

ለንቅናቄው ያወጡት ስም ደግሞ «ኔቫዳ» ነው፤ አሜሪካ ቦምቧን ትሞክርበት የነበረው በረሃ ስም። የእኛው ይዘጋ፣ የእነርሱ ይቀጥል አላሉም። ያ በረሃ መሬታችን ነው ከሚሉት የሾሾን ነባር ሕዝቦች ጋርም ተወዳጁ። የባላጋራውን ቦምብ ብቻ የሚያወግዝ ሰው ቦምብን አወገዘ አይባልምና፣ ይህ ስም ከፊርማው ብዛት ይልቅ ይመዝናል ብለን እናምናለን።

ኦገስት 29 ቀን 1991 መሞከሪያው በይፋ ተዘጋ። ነጻ የወጣችው ካዛክስታንም በአገሯ የቀሩትን የኑክሌር አረሮች በሙሉ እስከ 1995 ድረስ ወደ ሩሲያ መለሰች። በ2009 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይህንኑ ዕለት የኑክሌር ሙከራ መቃወሚያ ቀን አደረገው። ሙከራን ሁሉ የሚያግደው የ1996 ስምምነት ግን ዛሬም በሥራ ላይ አልዋለም። ለተጎጂዎቹም ካዛክስታን በ1992 የካሣና የድጋፍ ሕግ አውጥታለች፤ በዚያ መንደር ለተወለዱት የልጅ ልጆች ግን የካሣው ጉዳይ ገና አልተዘጋም።