የድሮ የእንግሊዝ ሳንቲም ዋጋው እንዴት ይታወቃል?

በብዙ ቤተሰብ ሣጥን ውስጥ የእንግሊዝ ነገሥታት ስምና መልክ ያለባቸው ሳንቲሞች ተቀምጠው ይገኛሉ። ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1941 ጣልያን ከተባረረ በኋላ፣ በ1945 የራሳችን ገንዘብ እስኪወጣ ድረስ፣ እንግሊዞች ያመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በአገራችን ይሠራበት ነበር። ዛሬ አንዳንዱ ሰው እነዚህን ሳንቲሞች ሲያገኝ ሀብታም የሆነ ይመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ ለመጀመሪያው ጠያቂ በርካሽ ይሸጣቸዋል። ሁለቱንም ከስሕተት የሚያድኑ ሦስት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፣ ከምን ተሠራ? የእንግሊዝ ሽልንግና ግማሽ ክራውን እስከ 1919 ድረስ ከመቶ 92.5 እጁ የብር ማዕድን ነበር። ከ1920 እስከ 1946 ወደ ግማሽ ወረደ፤ ከ1947 ጀምሮ ግን መዳብና ኒኬል ብቻ ሆነ። ስለዚህ አስቀድመን ዓመተ ምሕረቱን እናንብብ። 14.14 ግራም የሚመዝን የ1930 ግማሽ ክራውን 7 ግራም ያህል ብር አለው። ይህን በዕለቱ የብር ዋጋ ብናባዛው ዝቅተኛ ግምቱን እናገኛለን። የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ እስከ 1946 ድረስ ሩብ ያህሉ ብቻ ብር ነበር።

ሁለተኛ፣ ስንት ተሠራ? ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። የቸርችል መልክ ያለበት የ1965 ክራውን ትልቅና የሚያምር ነው፤ ነገር ግን ከ19 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራ ብዙ አያወጣም። የ1933 ፔኒ ግን የሚታወቀው ከአሥር አይበልጥም። የንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ ነገር ደግሞ ያስገርማል። በ1936 ዓመት ሳይሞላው ዙፋኑን ስለለቀቀ፣ በእንግሊዝ አገር መልኩ ያለበት ሳንቲም ለገበያ አልወጣም። ስሙ የተጻፈበት የምሥራቅ አፍሪካ ባለ ቀዳዳ 5 እና 10 ሳንቲም ግን በሚሊዮን ተሠርቷል። ስለዚህ ስሙን አይቶ «ብርቅ ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥመን አንቸኩል።

ሦስተኛ፣ እንዴት ተያዘ? የንጉሡ ፀጉርና የፊደሎቹ ጠርዝ ጥርት ብሎ የሚታይበት ሳንቲም፣ ተፍቆ ከለሰለሰው እጅግ ይበልጣል። እዚህ ላይ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ፦ በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና አናሽው! ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት በዘመናት የያዘውን የራሱን ቀለም ነው፤ አንዴ ከተፈገፈገ አይመለስም።

ለመሸጥ ያሰበ ሰው ሳንቲሙን በሁለቱም ገጽ ፎቶ ያንሣ፤ በትንሽ ሚዛን ይመዝን፤ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ገዢዎችን ይጠይቅ። ሻጮች የሚጠሩትን ሳይሆን በጨረታ በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ ይመልከት። ሁሉንም በአንድ ላይ በኪሎ ልግዛ ለሚል ሰው ግን የብሩን ከመዳቡ ሳይለይ አይስጥ።

አብዛኛው ሳንቲም ብዙ ገንዘብ እንደማያወጣ ከወዲሁ እንወቅ። እንዲህ ሆኖ ከተገኘ፣ ማን ከየት እንዳመጣው አያቶቻችንን ጠይቀን በወረቀት ጽፈን አብረን እናስቀምጠው። ይህን ሊነግሩን የሚችሉት እነርሱ በሕይወት ሳሉ ብቻ ነው።