«ኪቦርዴ ድርቅ ብሏል፤ ልሽጠው ወይ?»

ጥያቄው የመጣው ከጋምቤላ ከተማ ነው። ጠያቂው ገና ሃያዎቹን የጀመረ፣ በየሠርጉ ኪቦርድ እየተጫወተ የሚኖር ልጅ ነው። አንድ ዘፋኝ ሰው ፊት «አንተ ስትጫወት ድምፁ ግንድ ነው!» ብሎት ቅስሙ ተሰብሯል። ያለውን ሸጦ፣ የጎደለውን ተበድሮ ትልቁን ኪቦርድ ሊገዛ አስቧል። ይህንኑ ኪቦርድ የገዛችለት ደግሞ ባሮ ዳር ዓሣ የምትሸጥ ታላቅ እኅቱ ናት። እዚህ ላይ ሆዴ ባባ።

ወንድሜ፣ አትሽጥ! ቢያንስ ይህን አንብበህ እስክትጨርስ ድረስ ቆይ።

ለመሆኑ ግንድ የሚመስለው ለምንድን ነው? ኪቦርድ ላይ አንድ ኖታ ይዘህ ብትቆይ ድምፁ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ያው ነው፤ አይተነፍስም። የማሲንቆ ተጫዋች ግን ጭራው ላይ ያሳረፈውን ጣት ያንቀጠቅጠዋል። ዘፋኞቻችንም ድምፃቸውን ያርገበግቡታል፤ እርግብግቢት የምንለው እኮ ይኸው ነው። ሲንተሳይዘር ውስጥ የዚያን ጣት ሥራ የሚሠራው ኤል.ኤፍ.ኦ ይባላል። ዝግ ያለ ሞገድ የሚያመነጭ ክፍል ነው በሉት። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ነው። ይኼኛው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በታች ስለሚሄድ እሱ ራሱ አይሰማም፤ ሌላውን ድምፅ ይዞ ያወዛውዛል እንጂ።

ምኑን? እሱ በአንተ ምርጫ ነው። የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ከነካ ቫይብራቶ፣ ጉልበቱን ከነካ ትሬሞሎ ይሆናል። ፊልተሩን ከነካ ደግሞ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚወጣው ዓይነት «ዋው ዋው» ይመጣል። የሞገዱ ቅርፅም ለውጥ አለው፤ ሳይን የሚባለው ለስላሳ ነው። ስኩዌሩ ድንገት ከፍ ድንገት ዝቅ ስለሚል ቫይብራቶ ላይ ስታደርገው አምቡላንስ መጣ ያሰኛል።

ዋናዎቹ መቆጣጠሪያዎች ሬትና ዴፕዝ ናቸው። ሬት ስል የሚመረውን ማለቴ አይደለም፤ ፍጥነቱን ነው። የዘፋኝ እርግብግቢት ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ስለሆነ ለቫይብራቶ እዚያው አካባቢ ጀምር። ኪቦርዶች ከ0 እስከ 127 የሚል ቁጥር ብቻ ሊያሳዩህ ይችላሉና በጆሮህ ቁጠር። ፊልተር ላይ ከሆነ ግን ከዘፈኑ ምት ጋር አስማማው። ዘፈኑ በደቂቃ 120 ምት ካለው በሰከንድ 2 ማለት ነው። ካልተስማማ እንደ ሰከረ ሠርገኛ ከጨዋታው ውጪ ያጨበጭብብሃል።

ዴፕዝ፣ ማለትም የመወዛወዙ ስፋት፣ ብዙዎችን የሚያበላሸው እሱ ነው። አምባሰልና አንቺሆዬ ውስጥ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ኖታዎች አሉ። ዴፕዙን ካበዛኸው አንዱ ኖታ የጎረቤቱን ቤት ደጋግሞ ያንኳኳል፣ ቅኝቱም ይጠፋል! ሰው «ይሄ ነገር ይርገበገባል» እስኪል አትጠብቅ፤ ከዚያ በፊት ቁም።

ሌላው ብልሃት ማዘግየት ነው። ጥሩ ዘፋኝ ቃሉን ገና ሲጀምር አይርገበገብም፤ ድምፁን ቀጥ አድርጎ ይይዝና መጨረሻው ላይ ይለቀዋል። ኤል.ኤፍ.ኦ ላይ ዲሌይ የሚል ካለ ግማሽ ሰከንድ ያህል አዘግየው። ከሌለ በግራ እጅህ ሞጁሌሽን ዊሉን ቀስ እያልክ ግፋ። አኙዋኮች በአውራ ጣት የሚጫወቱትን ቶም የሚመስል ድምፅ ስታወጣ ግን ቫይብራቶውን እርሳው። የቶም ድምፅ ተነክቶ ወዲያው የሚከስም ነው፤ የሚርገበገብበት ጊዜ የለውም።

«እነ እገሌ እኮ ትልልቅ መሣሪያ ስላላቸው ነው» ልትለኝ ነው። ኃይሉ መርጊያን ታውቀው የለ? የዋልያስ ባንዱን። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዞ አንድ ካሴት ሠራ። በኋላ ታክሲ እየነዳ ኖረ። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም በኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ያደጉ የባሕር ማዶ ወጣቶች ሳይቀሩ ወደዱት። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ታዋቂው ሚኒሙግ እንኳ ራሱን የቻለ ኤል.ኤፍ.ኦ አልነበረውም፤ ከ3ቱ የድምፅ ማመንጫዎች አንዱን አዝግመው ነበር የሚጠቀሙበት። አንዱን ድምፅ መሥዋዕት አድርገው ማለት ነው!

አሁን ኪቦርድህን ክፈት። ትንንሾቹ ላይ ኤል.ኤፍ.ኦ የሚል ጽሑፍ ላታገኝ ትችላለህ፤ ሞጁሌሽን ወይም ቫይብራቶ የሚል ፈልግ። ጨርሶ ከሌለው ስልክ ላይ በነፃ የሚጫኑ ሲንተሳይዘሮች አሉ። መብራት በጠፋ ማታ በጆሮ ማዳመጫ ተለማመድባቸው። ለአንድ ወር አንድ ድምፅ ብቻ ያዝ፣ እሱንም ለዚያ ዘፋኝ ሳይሆን በመጀመሪያ ለእኅትህ አሰማት። ከዚያ በኋላም ትልቁን እገዛለሁ ካልክ ሱቅ ገብተህ የተቀዳውን ማሳያ ዘፈን አጥፋና አንድ ኖታ ይዘህ ዊሉን ግፋ። ብር የምትቆጥረው ያን ከሰማህ በኋላ ነው።