ዘመድ የመሰከረለት የ15 ሜትር አንገት

ልጆች፣ የቀጭኔ አንገት ውስጥ ስንት አጥንት ያለ ይመስላችኋል? ሃያ? ሠላሳ? መልሱ 7 ነው፤ ልክ እንደ እናንተ! የቀጭኔ አጥንቶች ረጃጅም ስለሆኑ ነው እንጂ ቁጥሩስ እኩል ነው።

ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ዳይኖሰር ግን 18 የአንገት አጥንቶች እንደነበሩት ይገመታል። ስሙ ማሜንቺሳውረስ ሲኖካናዶረም ነው። ከ162 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ ቻይና በምንላት አገር ይኖር የነበረ ቅጠል በል ነው። አንገቱ ብቻ 15 ሜትር ያህል ነበር ይባላል፤ የቀጭኔን አንገት ስድስት እጥፍ ማለት ነው!

የሚገርመው ግን ይህን አንገት ሙሉውን ያየ ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ1987 የቻይናና የካናዳ ተመራማሪዎች ሺንጂያንግ በተባለው የቻይና ክፍል ያገኙት የታችኛውን መንጋጋ፣ ጥቂት የአንገት አጥንቶችና ከአንገቱ ሥር የሚዘረጋ፣ ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝም ቀጭን ጎድን ነው። በቃ። ስሙም የሁለቱን አገሮች ትብብር ያስታውሳል።

ታዲያ 15 ሜትር መሆኑን በምን አወቁ?

ዘመዱ መሰከረለት። እዚያው ሺንጂያንግ ውስጥ ሺንጂያንግታይታን የተባለ የቅርብ ዘመዱ ከነሙሉ አንገቱ ተገኘ፤ ርዝመቱም 13 ሜትር ከ36 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አንድሪው ሙር የተባሉ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው የሁለቱን ተመሳሳይ አጥንቶች ጎን ለጎን አነጻጸሩ። የኛው ዳይኖሰር አጥንቶች በምን ያህል እንደሚበልጡ አሰሉና የጎደለውን በዚያው ልክ ገመቱ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2023 አሳተሙ።

«ይህን ሁሉ አንገት እንዴት ተሸከመው?» ትሉ ይሆናል። አጥንቶቹ በሲቲ ስካን ሲታዩ ከ69 እስከ 77 በመቶ የሚሆነው ውስጣቸው የአየር ቦታ ነበር፤ እንደ ወፍ አጥንት ቀላል ናቸው ማለት ነው። ረጅም አንገት ደግሞ ብዙ ሳይራመዱ ዙሪያውን ያለውን ቅጠል ለመልቀም ይመቻል።

እስቲ ቤት ውስጥ ሞክሩት

የእማማን ክንድ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ለኩ፤ ቁመቷንም ለኩ። ቁመቷ የክንዷ ስንት እጥፍ ነው? አሁን የአባባን ክንድ ብቻ ለኩና በዚያው እጥፍ አባዙት። ቁመቱን ገመታችሁ! ከዚያ ግድግዳ አስደግፋችሁ ለኩት። በስንት ሴንቲ ሜትር ሳታችሁ?

እናንተ አባባን አቁማችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ሳይንቲስቶቹ ግን የሚያረጋግጡበት ሙሉ አንገት ገና አላገኙም። ለዚህ ነው «ነው» ሳይሆን «ይገመታል» የሚሉት።